ሐኪሙ መድፈኛ፦ የሌተና ኮሎኔል ዶክተር ጆን መክሬ ሕይወትና የጦር ሜዳ አገልግሎት

በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም የካናዳዊው ሐኪም የሌተና ኮሎኔል ጆን መክሬ ስም የሚነሣው ከአንዲት የ15 መስመር ግጥም ጋር ነው። በየዓመቱ ኖቬምበር 11 ቀን፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ያበቃበት ዕለት ሲታሰብ፣ ግጥሟ በየአደባባዩና በየትምህርት ቤቱ ትነበባለች፤ በየሰዉ ደረት ላይ የሚታየውም ቀይ የፖፒ አበባ ልማድ ከእርሷ የመነጨ ነው። መክሬ ግጥሟን በጻፉበት ጊዜ ግን የ42 ዓመት ሰው፣ በሞንትሪያል ከተማ ከታወቁት የውስጥ ደዌ ሐኪሞችና የፓቶሎጂ መምህራን አንዱ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ደራሲ፣ ከዚያም በላይ ካንድ ጦርነት ተርፈው የተመለሱ የመድፈኛ መኰንን ነበሩ። ይህ ሁሉ ሕይወት በግጥሟ ጥላ ተሸፍኖ ቀርቷልና ለሙያ ባልደረቦች ቢተረክ ያለ ቦታው አይሆንም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጆን መክሬ የተወለዱት ኖቬምበር 30 ቀን 1872 በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር በጉዌልፍ ከተማ፣ ከኖራ ድንጋይ በተሠራች አነስተኛ ቤት ውስጥ ነው። ቤተ ሰቡ ከስኮትላንድ የፈለሰ፣ በፕሬስቢቴሪያን እምነት የጸና፣ ግዴታን ከሁሉ የሚያስቀድም ነበር። አባታቸው ሌተና ኮሎኔል ዴቪድ መክሬ በሱፍ ሥራና በከብት ርባታ ይተዳደሩ እንጂ ልባቸው ከወታደርነት አልተለየም፤ የከተማይቱን የበጎ ፈቃደኞች መድፈኛ ጦር ያዝዙ ነበር። እኒህ አባት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በ70 ዓመት ዕድሜያቸው አንድ የመድፈኛ ባተሪ አሰልጥነው ባሕር ተሻግረው እንግሊዝ አገር ድረስ ያደረሱ፣ ወደ ግንባሩ እንዳይዘልቁ ግን ዕድሜያቸው የከለከላቸው ሰው ናቸው። ልጁ በ14 ዓመቱ የተማሪዎች ሰልፍ ጓድ አባል መሆኑ፣ በኦንታሪዮ ሰልፍ ዐዋቂነቱ ተመስክሮለት የወርቅ ሜዳይ መሸለሙ፣ ከዚያም በአባቱ ጦር ውስጥ መጀመሪያ ጡሩንባ ነፊ፣ ቀጥሎም መድፈኛ ሆኖ መግባቱ ከዚህ ቤት የመጣ ነው። ወንድማማቾቹ ግን ሌላም ዝንባሌ ነበራቸው። ታላቅየው ቶማስ መክሬ ሕክምናን መረጡ፤ በኋላም የፊላደልፊያው የጄፈርሰን ሕክምና ኮሌጅ ፕሮፌሰር ለመሆን በቁ። ታናሽየውም ዱካቸውን ተከተሉ።

መክሬ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የነፃ ትምህርት ዕድል አግኝተው ገቡ። ትምህርታቸው ግን ሳይቋረጥ አልሄደም፤ ምክንያቱም ከልጅነት ጀምሮ ያልተለያቸው የአስም በሽታ ነው። ሕመሙ ስለ ጠናባቸው ትምህርቱን ለአንድ ዓመት አቋርጠው ወደ ጉዌልፍ ተመልሰው በእርሻ ኮሌጁ እንግሊዝኛና ሒሳብ አስተማሩ። በ1894 በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1898 ደግሞ የሕክምና ዲግሪያቸውን ከወርቅ ሜዳይ ጋር ተቀበሉ። የትምህርቱን ወጪ ለመደጎም ሌሎች ተማሪዎችን ያስጠኑ ነበር፤ ካስጠኗቸውም መካከል ሁለቱ በኦንታሪዮ ከመጀመሪያዎቹ ሴት ሐኪሞች የሚቈጠሩ ሆነዋል። ግጥምና አጫጭር ልብ ወለድ በመጽሔቶች ላይ ማሳተም የጀመሩትም በዚሁ በተማሪነት ዘመን ነው።

ከምረቃ በኋላ ጥቂት ጊዜ በሜሪላንድ በሕፃናት ሆስፒታል፣ ቀጥሎም በቶሮንቶ ጠቅላላ ሆስፒታል አገልግለው በ1899 በባልቲሞር ወደሚገኘው ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል አመሩ። በዚያን ጊዜ የሆስፒታሉ የሕክምና ክፍል አለቃ ዊልያም ኦስለር ነበሩ። ኦስለር ራሳቸው ካናዳዊ፣ የመክጊል ዩኒቨርሲቲ ምሩቅና መምህር የነበሩ ናቸው። ወንድማቸው ቶማስም አስቀድመው በኦስለር ሥር ይሠሩ ስለ ነበር ትውውቁ የቤተ ሰብ ያህል ሆነ። መክሬ ከዚህ ቤት ይዘውት የወጡት ትምህርት በኋላ በሥራቸው ሁሉ ይታያል፤ ይኸውም በሽተኛውን በአልጋው አጠገብ ቆሞ ማስተማር፣ ያልዳነውንም እስከ አስከሬን ምርመራው ጠረጴዛ ድረስ መከተል ነው።

በዚያው ዓመት መክጊል ዩኒቨርሲቲ በሞንትሪያል የፓቶሎጂ ጥናት ዕድል ሰጣቸው። ቦታውን ከመያዛቸው በፊት ግን በኦክቶበር 1899 በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዞችና በቦየሮች መካከል ጦርነት ተነሣ። መክሬ ዩኒቨርሲቲውን ጊዜ ጠይቀው ለዘመቻ ተመዘገቡ። የዘመቱትም እንደ ሐኪም አይደለም፤ በካናዳ መድፈኛ ጦር በ«ዲ» ባተሪ የመቶ አለቃ ሆነው ነው። ባተሪያቸው በጃንዋሪ 1900 ከሃሊፋክስ ወደብ ተነሥቶ ደቡብ አፍሪካ ገባ፤ አንድ ዓመት ያህልም ዘመቱ። ከፍተኛ ማዕረግ ያለው የሕክምና ዲግሪ በኪሱ የያዘ የ27 ዓመት ወጣት መድፍ ለመተኰስ ውቅያኖስ መሻገሩ ዛሬ ለሚያነብ ሐኪም እንግዳ ሊመስል ይችላል። ለመክሬ ግን ሁለቱ ነገሮች የሚጋጩ አልነበሩም። ጦርነቱ ትክክለኛ መሆኑን አልተጠራጠሩም ነበርና ወደ ኋላ መቅረት እንደ ነውር ታያቸው።

ልባቸውን የሰበረው በዚያ ያዩት የቁስለኛና የበሽተኛ አያያዝ ነበር። እንደሚታወቀው በዚያ ጦርነት ለሞቱት የእንግሊዝ መንግሥት ወታደሮች ዋናው ጠላት ተስቦ ነበር፤ ከሞቱት 22,000 ያህል ሰዎች መካከል ከ13,000 በላይ የሆኑት ያለቁት በበሽታ ነው። ውሃው ይበከላል፣ ሆስፒታሎቹ ከልክ በላይ ይሞላሉ፣ አስታማሚ የለም። መክሬ ይህን በቅርብ አይተው ተመልሰዋል። በ1901 መጀመሪያ አገራቸው ሲገቡ ስለ ወታደርነት የነበራቸው ፍቅር ባይጠፋም ስለ ጦርነት ያላቸው ግምት እንደ ልጅነታቸው አልነበረም። በ1904 በሻለቅነት ማዕረግ ከመድፈኛው ጦር ተሰናበቱ።

ከዚያ እስከ 1914 ያሉት ዓመታት የሙያ ሕይወታቸው ያበበበት ዘመን ናቸው። በሞንትሪያል ጠቅላላ ሆስፒታል የፓቶሎጂ ሐኪም ሆኑ፤ በ1904 በሮያል ቪክቶሪያ ሆስፒታል በሕክምና ክፍል ተሾሙ፤ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደውም የለንደኑ የሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ አባል ለመሆን የሚያበቃውን ፈተና አለፉ። በ1905 የግል ክሊኒክ ከፈቱ። ለተጣሉ ሕፃናት በተቋቋመው ሆስፒታል በፓቶሎጂ ሐኪምነት፣ ከ1908 ጀምሮ ደግሞ በአሌክሳንድራ የተላላፊ በሽታዎች ሆስፒታል በሐኪምነት ሠሩ። በመክጊል የክሊኒክ ሕክምናና ፓቶሎጂ ሲያስተምሩ፣ ድንበር ተሻግረው በአሜሪካ በቨርሞንት ዩኒቨርሲቲም ፓቶሎጂ ያስተምሩ ነበር። ባንድ ሰው ትከሻ ላይ ይህን ያህል ሥራ መከመሩ የዚያን ጊዜ ሕክምና ያልተከፋፈለ መሆኑን ያሳያል፤ ያም ሆኖ መክሬ ሥራ እንዲጨመርባቸው እንጂ እንዲቀነስላቸው ሲጠይቁ የሰማ አልነበረም።

ለማስታወስ ያህል፣ በዚያን ዘመን አንቲባዮቲክ አልነበረም። ዲፍቴሪያ፣ ቀይ ትኩሳት፣ ተስቦና የሳምባ ምች በያዟቸው በሽተኞች በተሞላ ክፍል ውስጥ ለሐኪሙ የቀረለት መሣሪያ በሽታውን አጣርቶ ማወቅ፣ መጪውን መገመትና ጥሩ አስታማሚ መመደብ ነበር። ለዲፍቴሪያ ከ1890ዎቹ ጀምሮ የመርዝ ማርከሻው ሴረም ተገኝቶ ነበር፤ ለአብዛኞቹ ግን ምንም አልነበረም። መክሬን ወደ ፓቶሎጂ የሳባቸው ምናልባት ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ማዳን የማይቻለውን ቢያንስ መረዳት ይቻላልና። በ1912 ከመክጊሉ የፓቶሎጂ ፕሮፌሰር ከጆን ጆርጅ አዳሚ ጋር ሆነው ለሕክምና ተማሪዎች የፓቶሎጂ መማሪያ መጽሐፍ አሳተሙ። ኦስለር ያዘጋጁት በነበረው ትልቅ የሕክምና ድርሳን ውስጥም በጸሐፊነት ተሳትፈዋል።

ሰውየው በዚህ ሁሉ መካከል ደስተኛና ተጫዋች ነበሩ። ትዳር አልያዙም፤ ግን በሞንትሪያል ማኅበራዊ ሕይወት ግብዣ የማይቀርባቸው፣ ወግ ዐዋቂ ሰው ነበሩ። በ1910 የካናዳ ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ሎርድ ግሬይ ከዊኒፔግ ሐይቅ እስከ ሃድሰን የባሕር ወሽመጥ በታንኳ ረጅም ጉዞ ሲያደርጉ የጉዞው ሐኪም መክሬ ነበሩ። ጠቅላይ ገዥው ከጉዞው ሲመለሱ፣ መንገዱ 3,000 ማይል ቢሆንም መክሬ ለየማይሉ አንድ አንድ ወግ እንደ ነበራቸው ያወሩ ነበር ይባላል። ይህን ማንሣት የሚያስፈልገው በኋላ ላይ የሆነውን ለመመዘን ነው።

ኦገስት 4 ቀን 1914 እንግሊዝ በጀርመን ላይ ጦርነት ስታውጅ ካናዳም እንደ ግዛቷ ወዲያው ገባችበት። በዚያን ጊዜ ሕዝቧ 8 ሚሊዮን ያህል የነበረው አገር በአራት ዓመት ውስጥ ከ600,000 በላይ ሰው አስታጠቀች፤ ከ60,000 በላይም ቀበረች። መክሬ የ41 ዓመት ሰው ነበሩ፤ አስም አለባቸው፤ ቢቀሩ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ሆኖም ወዲያው አገልግሎታቸውን አቀረቡ፤ በሻለቅነት ማዕረግ የመጀመሪያው የካናዳ የሜዳ መድፈኛ ብርጌድ ሐኪምና ምክትል አዛዥ ሆነው ተሾሙ። የብርጌዱ አዛዥ ኤድዋርድ ሞሪሰን በደቡብ አፍሪካ አብረዋቸው የዘመቱ ወዳጃቸው ነበሩ። ሲነሡም ወዳጅ የሰጣቸውን ቦንፋየር የተባለ ፈረስ ይዘው ሄዱ። ያንን ክረምት ጦሩ በእንግሊዝ አገር በሶልዝበሪ ሜዳ በዝናብና በጭቃ ውስጥ ሲሰለጥን ከረመ፤ በፌብሩዋሪ 1915 ወደ ፈረንሳይ ተሻገረ።

በኤፕሪል የካናዳ ጦር ቤልጅግ ውስጥ ባለችው በኢፕር ከተማ ዙሪያ ተሰለፈ። ኤፕሪል 22 ቀን 1915 ከሰዓት በኋላ ወደ 11 ሰዓት ገደማ፣ ጀርመኖች በአንዲት ግንባር ከ5,000 በላይ ከሚሆኑ የብረት ጠርሙሶች የክሎሪን ጋዝ ለቀቁ። ነፋሱ አረንጓዴ ቢጫ የመሰለውን ደመና ወደ ፈረንሳይና አልጀሪያ ወታደሮች ምሽግ ነዳው። ክሎሪን ከአየር የሚከብድ በመሆኑ ምሽጉ ውስጥ ይተኛል፤ በዐይንና በመተንፈሻ አካል እርጥበት ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ ሳምባው በፈሳሽ ይሞላና ሰውየው በደረቅ መሬት ላይ የሰጠመ ያህል ሆኖ ይሞታል። ወታደሮቹ የጋዝ ጭንብል አልነበራቸውም። በርጥብ ጨርቅ አፍና አፍንጫን ከመሸፈን በቀር መከላከያ አልነበረም፤ ለተመረዘውም ሐኪሙ የሚሰጠው ይህ ነው የሚባል መድኃኒት አልነበረም። ግንባሩ ሲከፈት ክፍተቱን ከደፈኑት መካከል ካናዳውያን ዋነኞቹ ነበሩ። በጥቂት ቀን ውስጥ ከ6,000 በላይ ሰው ተጐዳባቸው፤ ከነዚህም ከ2,000 በላይ የሚሆኑት ሞቱ።

የመክሬ ብርጌድ በኢፕርና በይዘር ቦይ ዳር 17 ቀን ተዋጋ። እርሳቸው የቁስለኛ ማከሚያቸውን ያቋቋሙት ኤሴክስ ፋርም በተባለ ሥፍራ፣ በቦዩ ግድብ አፈር ውስጥ በተቈፈረ ዋሻ ነበር። ዛሬ ጐብኝዎች ገብተው የሚያዩት የሲሚንቶ ክፍል በኋላ የተሠራ ነው፤ በ1915 የነበረው አፈር፣ እንጨትና የአሸዋ ከረጢት ብቻ ነበር። ከግድቡ አናት ላይ የተመቱ ሰዎች እየተንከባለሉ እስከ ማከሚያው አፍ ድረስ ይወርዱ ነበር። በነዚያ 17 ቀንና ሌሊት አንዳንዴ ካልሆነ በቀር ልብስና ጫማ ያወለቀ እንዳልነበረ መክሬ ለእናታቸው ጽፈዋል። ተኵስ ጋብ ባለ ቁጥር አጠገብ ካለው መካነ መቃብር መስቀል ይጨመራል፤ ሐኪሙም ከማከሚያቸው በር ሆነው ቁጥሩ ሲበዛ ያዩ ነበር። እኒህ ሰው በሥራ ዘመናቸው ብዙ አስከሬን የመረመሩ ናቸው፤ ሞት አዲስ ነገር ሊሆንባቸው አይችልም። ነገር ግን የሆስፒታል ሞትና ይህ የተለያዩ ሆኑባቸው።

ከወዳጆቻቸው አንዱ የ22 ዓመቱ የመቶ አለቃ አሌክሲስ ሄልመር ነበር። በመክጊል የተማረ ወጣት ነው። ሜይ 2 ቀን 1915 ጠዋት ከመደበቂያው ወጥቶ ሲሄድ የመድፍ ጥይት በላዩ ላይ ወድቆ ገደለው። የተረፈውን አካሉን ጓደኞቹ በከረጢት ሰብስበው በዚያው ምሽት ቀበሩት። የጦሩ ቄስ በሌላ ግዳጅ ላይ ስለ ነበሩ የቀብሩን ጸሎት የደገሙት መክሬ ናቸው፤ ጠላት እንዳያይ መብራት ማብራት ክልክል ነበርና የሚያስታውሱትን ያህል በቃላቸው አደረሱ። በማግሥቱ፣ መቃብሩ በሚታይበት ቦታ ተቀምጠው ግጥሟን ጻፉ። በዚያ በመድፍ በታረሰ መሬት ላይ ፖፒ በብዛት አብቦ ነበር። የዚህ አበባ ዘር ዓመታት ሙሉ በአፈር ውስጥ ተኝቶ ይቈይና መሬቱ ሲገለበጥ ብርሃን አግኝቶ ይበቅላል፤ ስለዚህ በአዲስ መቃብርና በቦምብ ጕድጓድ አፋፍ ላይ ከሌላው አትክልት ሁሉ ቀድሞ ይታያል።

ግጥሟ ለንደን ተልካ ከአንድ መጽሔት ተመለሰች፤ ቀጥሎ «ፓንች» የተባለው መጽሔት ዲሴምበር 8 ቀን 1915 ያለ ደራሲ ስም አወጣት። ከዚያ በኋላ በምን ፍጥነት እንደ ተዛመተች ለመግለጽ ያስቸግራል። በጋዜጣ ላይ ታተመች፤ ወታደሮች በቃላቸው ያዟት፤ በ1917 ካናዳ ለጦርነቱ ከሕዝብ ብድር በጠየቀች ጊዜ ቃሎቿና ሥዕሏ በየማስታወቂያው ላይ ወጡ። መንግሥት 150 ሚሊዮን ዶላር አስቦ 400 ሚሊዮን ያህል ተሰበሰበ። እዚህ ላይ አንድ ክርክር አለ። የግጥሟ መጨረሻ ሕያዋን ከሙታን ተቀብለው ውጊያውን እንዲቀጥሉ የሚያሳስብ ነው፤ አሜሪካዊው ሐያሲ ፖል ፈስል በ1975 ባሳተሙት ዝነኛ መጽሐፍ ይህን ክፍል የጦር ምልመላ ማስታወቂያ ነው ብለው ክፉኛ ነቅፈውታል። ነቀፌታው ግጥሟ የተጠቀሙባትን ሰዎች ሥራ በትክክል ያያል። ነገር ግን መክሬን የሰላም ሰባኪ አድርጎ መጠበቅ ያልነበረ ሰው መፈለግ ነው። ጦርነቱ እስከ ድል ድረስ መካሄድ አለበት ብለው ያምኑ ነበር፤ በ1917 መጨረሻ ካናዳ በግዴታ ወታደር መመልመልን አስመልክታ ምርጫ ስታደርግ፣ የኵቤክ ሕዝብ አጥብቆ ሲቃወም እርሳቸው ምልመላውን አጥብቀው ደግፈዋል። ሐዘናቸውም እምነታቸውም እውነተኛ ነበሩ፤ በግጥሟ ውስጥ ሁለቱም አሉ።

ጁን 1 ቀን 1915 መክሬ ከመድፈኛው ጦር ተነሥተው በቡሎኝ አቅራቢያ በዳን-ካሚዬ ወደሚቋቋመው ወደ 3ኛው የካናዳ ጠቅላላ ሆስፒታል እንዲዛወሩ ታዘዙ። ማዕረጋቸው ሌተና ኮሎኔል፣ ሥራቸው የሆስፒታሉ የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊነት ሆነ። ለማንኛውም ሐኪም ይህ እድገት ነበር፤ ለእርሳቸው ግን ከጓደኞቻቸው መነጠል ሆነባቸው። ጦርነቱን የሚያሸንፉት ተዋጊዎች እንጂ ሐኪሞች እንዳልሆኑ በምሬት ተናግረው መሄዳቸው ይወራል። ይህን ያሉት የሙያቸውን ክቡርነት የማያውቁ ሆነው አይደለም፤ ከኋላቸው የተዋቸው ሰዎች ነገ ሊሞቱ እንደሚችሉ ያውቁ ስለ ነበር ነው።

ሆስፒታሉ በዓይነቱ አዲስ ነገር ነበር። የመክጊል የሕክምና ፋኩልቲ ዲን ኮሎኔል ኸርበርት ቢርኬት ሐኪሞቹን ከዩኒቨርሲቲው፣ ነርሶቹን ከሞንትሪያል ሆስፒታሎች፣ ረዳቶቹንም ከተማሪዎቹ አሰባስበው የመሠረቱት፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ እንዳለ ወደ ጦር ሜዳ የሄደ ያህል የሚቈጠር ድርጅት ነው። መጀመሪያ ያረፈው ከሕንድ በመጡ ትላልቅ ድንኳኖች ውስጥ ነበር። በበጋ የሚያምሩት ድንኳኖች የሰሜን ፈረንሳይ ነፋስና ዝናብ ሲመጣ አልቻሉም፤ በ1916 መጀመሪያ ሆስፒታሉ በቡሎኝ ወደ ነበረው ወደ ፈረሰው የኢየሱሳውያን ኮሌጅ ተዛወረ። እዚያ 1,560 አልጋዎች ነበሩት። የሶም ውጊያ ቁስለኞች በ1916፣ የቪሚ ኮረብታ በ1917 ጸደይ፣ የፓሸንዴል ደግሞ በዚያው ዓመት መጸው በባቡር እየተጫኑ ደረሱ። የቁስለኛውን ሥራ ቀዶ ጠጋኞቹ ይይዙታል፤ ወደ መክሬ ክፍል የሚመጣው በጋዝ የተመረዘው፣ የምሽግ ትኩሳት የያዘው፣ ኩላሊቱ የታመመው፣ የሳምባ ምች የያዘውና በድንጋጤ ልቡናው የታወከው ነበር። የጦርነት ታሪክ ብዙ ጊዜ ይህን ክፍል ይዘለዋል።

በሞንትሪያል ያውቋቸው የነበሩ የሥራ ባልደረቦች በቡሎኝ ያገኟቸው ሌላ ሰው ነበር። ሣቁ ጠፍቷል፤ ወጉም ተቋርጧል። ደንብን ለራሳቸውም ለሌላውም አጥብቀው ያስከብራሉ። ጓደኞቻቸው በምሽግ ውስጥ እያሉ በቤት መተኛት አይገባኝም ብለው በድንኳን ይኖሩ ነበር፤ ደረታቸው የታመመ ሰው በዚያ እርጥበት ውስጥ መክረሙ ብልህነት አልነበረም፤ ታመውም በአለቆቻቸው ትእዛዝ ወደ ቤት መግባት ግድ ሆኖባቸዋል። ለዕረፍት ያላቸው ቦንፋየርን ጭነው በገጠሩ መንገድ መጋለብና ቦኖ ከተባለ ውሻ ጋር የቁስለኛ ክፍሎችን መዞር ነበር። አገር ቤት ላሉት የእህታቸውና የወንድማቸው ልጆች በፈረሱ ስም ደብዳቤ እየጻፉ፣ በፊርማው ቦታ የኮቴ ቅርጽ እየሣሉ ይልኩ ነበር። የበፊቱ መክሬ የሚታየው በእነዚህ ደብዳቤዎች ውስጥ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

በኦገስት 1917 መጨረሻ የመምህራቸው የኦስለር አንድ ልጅ ሬቪየር በኢፕር አቅራቢያ ሞተ። ሬቪየር ከ3ኛው የካናዳ ሆስፒታል ጋር አብሮ የመጣና ሐኪሞቹ እንደ ታናሽ ወንድም ያዩት የነበረ ወጣት ነው፤ በሆስፒታል መቀመጡ አልሆነልህ ብሎት ወደ መድፈኛ ጦር ተዛወረ። መክሬ ራሳቸው የተከለከሉትን መንገድ የሄደው ልጅ ነበርና ኀዘኑ በቡሎኝ ያለውን ቤት በሙሉ ነካ። መክሬ በዚያ በጋ ብሮንካይትስ ጠንቶባቸው ነበር። የኢፕር ጋዝ የቀድሞውን አስም እንዳባሰው የሚያምኑ አሉ፤ የሥራውና የድንኳኑ ድርሻም ቀላል አይደለም።

ጃንዋሪ 24 ቀን 1918 የእንግሊዝ 1ኛ ጦር አማካሪ ሐኪም ሆነው መሾማቸው ተነገራቸው። ለዚህ ሹመት ከካናዳውያን የመጀመሪያው እርሳቸው ነበሩ። በዚያው ዕለት ታመሙ። በሽታው የሳምባ ምች መሆኑን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልወሰደም፤ በቪምሮ ወደሚገኘው ወደ 14ኛው የእንግሊዝ ጠቅላላ ሆስፒታል ተወሰዱ። ሕመሙ ወደ ማጅራት ገትር ተሻገረ። የሰልፋ መድኃኒቶች ለመገኘት ከ15 ዓመት በላይ ይቀር ነበር፤ ፔኒሲሊን ደግሞ በሕክምና ላይ የዋለው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በዙሪያቸው ከነበሩት ሐኪሞች መካከል የሳምባ ምችን ሂደት ከመክሬ ይልቅ የሚያውቅ ጥቂት ነበር፤ ለተማሪዎች በመጽሐፍ የጻፉት ነውና። ጃንዋሪ 28 ቀን ሌሊት በ45 ዓመት ዕድሜያቸው ዐረፉ።

በማግሥቱ በቪምሮ መካነ መቃብር በሙሉ የወታደር ሥርዐት ተቀበሩ። ቦንፋየር፣ የጌታው ቦት ጫማዎች ፊታቸው ወደ ኋላ ዞሮ በእርካቡ ላይ ታስረው፣ ከአስከሬኑ ፊት ፊት ሄደ። ነርሶች፣ የሆስፒታሉ ሠራተኞች፣ የጦር መኰንኖች ተከተሉ። ከቀብሩ ላይ የነበሩት አሜሪካዊው የአንጐል ቀዶ ጠጋኝ ሃርቪ ኩሺንግ ሁኔታውን በዕለት ማስታወሻቸው መዝግበውታል። የመቃብሩ መሬት አሸዋ ስለ ሆነ ድንጋዩ እንደ ሌሎቹ የጦር መቃብሮች አልቆመም፤ ተጋድሞ ተቀምጧል።

ከሞታቸው በኋላ የሆነው በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በኖቬምበር 1918 አሜሪካዊቷ መምህርት ሞይና ማይክል ግጥሟን አንብበው የሞቱትን ለማሰብ ቀይ ፖፒ ዘወትር ለመልበስ ቃል ገቡ፤ ፈረንሳዊቷ አና ገራን አበባውን በጨርቅ አሠርቶ በመሸጥ ለጦርነት ተጐጂዎች ገንዘብ የማሰባሰብን ሐሳብ በየአገሩ አዳረሱ፤ በ1921 ካናዳና እንግሊዝ ልማዱን ተቀበሉ። በ1919 የመክሬ ግጥሞች ከወዳጃቸው ከሐኪሙ አንድሩ መክፌይል የሕይወት ታሪክ ጋር በመጽሐፍ ወጡ። በጉዌልፍ ያለችው የትውልድ ቤታቸው ሙዚየም ሆናለች። በ1997 የጦር ሜዳዮቻቸው ለጨረታ ቀርበው አንድ የቶሮንቶ ነጋዴ በ400,000 ዶላር ገዝተው ለሙዚየሙ ሰጡ።

የአሌክሲስ ሄልመር መቃብር ግን ከዚያ በኋላ በተደረጉት ውጊያዎች ጠፍቷል። ስሙ መቃብራቸው ካልታወቀ ከ54,000 በላይ ወታደሮች ስም ጋር በኢፕር ከተማ በመኒን በር ግንብ ላይ ተቀርጿል።